ጄኔሬተሩ በከተራ ማታ እምቢ እንዳይል

ጥር 10 ቀን፣ የከተራ ማታ ነው። ታቦታቱ ከየመንበራቸው ወጥተው በባሕረ ጥምቀቱ ዘንድ በተተከለው ድንኳን ዐርፈዋል፤ ሊቃውንቱ ለማኅሌት ተሰናድተዋል፤ ሕዝቡም ነጭ ለብሶ ሜዳውን ሞልቶታል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ የከተማው መብራት ይቋረጣል። የንብረት ክፍል ኃላፊው ለእንዲህ ያለው ሰዓት ተብሎ የተገዛውን ጄኔሬተር ለማስነሣት ገመዱን ይስባል። ሞተሩ አንድ ጊዜ ሳል ብሎ ዝም ይላል። ደግሞ ይስባል፤ ወጣቶቹ ተራ በተራ ይተኩታል፤ ገመዱ እስኪላላ ድረስ ይጎተታል፤ ምንም የለም። ሌሊቱ በጧፍና በእጅ ባትሪ ይነጋል፤ የወንጌሉ ትምህርትም ከፊት ለተቀመጡት ብቻ ተሰምቶ ይቀራል።

በነጋታው መካኒክ ተጠርቶ ካርቡሬተሩን ሲፈታው ከሥሩ ባለችው ትንሽ ቋት ውስጥ ቡናማ፣ የሚያጣብቅ ዝቃጭ ተገኘ። ጄኔሬተሩ ለመጨረሻ ጊዜ የሠራው በደመራ ማታ፣ መስከረም 16 ቀን ነበር። ከዚያ እስከ ከተራ 114 ቀናት አሉ። በእነዚህ ቀናት ሁሉ ማንም አልነካውም፤ ቤንዚኑ ግን በሆዱ ውስጥ ነበር።

ይህ የሆነው በሐረርና በዙሪያዋ ከምናውቃቸው አጥቢያዎች በአንዱ ነው። ስሙን መጥቀስ አላስፈለገንም፤ የአጥቢያው ስም ቢለወጥ ታሪኩ ለብዙዎች የሚስማማ ነውና። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሰበካ ጉባኤው አባላት በመጀመሪያ የሚያነሡት ጥርጣሬ «ዕቃው አስመሳይ ነው» የሚል ነው፤ ቀጥሎም «ቤንዚኑ ተቀላቅሎበታል» ይባላል። ሁለቱም አልፎ አልፎ እውነት ይሆናሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ዕቃውም ደኅና ነበር፤ ቤንዚኑም በተገዛበት ቀን ደኅና ነበር። ብልሽቱ የተጀመረው ከበዓሉ ማግስት፣ ጄኔሬተሩ ከነነዳጁ ወደ መጋዘን በገባበት ሰዓት ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ይኸው ነው።

በአጥቢያዎቻችን እጅ ያሉት ትናንሽ ሞተሮች ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ጄኔሬተር ነው። ሁለተኛው ውኃ መሳቢያው ነው፤ ሐረርን ለረጅም ዘመን ያጠጣ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓመታት ከደረቀ ወዲህ በፈረቃ የሚመጣውን ውኃ አጠራቅሞ ወደ ሮቶ ማውጣት ለብዙ ደጀ ሰላሞች የዘወትር ሥራ ሆኗል። ሦስተኛው ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የምናየው የሣር ማጨጃ ሲሆን፣ ክረምቱ ሲወጣ ዐጸዱን ለዘመን መለወጫና ለመስቀል ለማጽዳት ይገዛል፤ ለቀረው ዓመት ግን ተረስቶ ይቆማል። ሦስቱንም የሚያመሳስላቸው ጠባይ ጥቂት ሠርተው ብዙ መቀመጣቸው ነው። በውጭ አገር የሣር ማጨጃ የሚቀመጠው ለበረዶው ወራት ነው፤ የእኛ ሞተሮች ግን የሚቀመጡት ከበዓል እስከ በዓል ባለው ጊዜ ነው።

መቀመጥ ምን ያህል እንደሚጎዳ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። በፈረስ መጋላና በጀጎል በሮች አካባቢ የሐረርን ሰው ለዘመናት ያመላለሱትን አሮጌ ፔጆ 404 ታክሲዎች እናስታውስ። ፈረንሳይ ውስጥ መመረታቸው ካቆመ ብዙ ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል። እነርሱም ልክ እንደ ጄኔሬተራችን በካርቡሬተር የሚሠሩ ናቸው፤ የሚቀዱትም ከዚያው ማደያ ነው። ሆኖም ከሥልሳ ዓመት በፊት የተሠራው ፔጆ ጠዋት ሲነሣ፣ ትናንት የተገዛው ጄኔሬተር እምቢ ይላል። ምሥጢሩ ታክሲው በየቀኑ መሥራቱ ብቻ ነው፤ ቤንዚኑ በውስጡ የሚያረጅበት ጊዜ አያገኝም።

ቤንዚን በጎተራ አይቀመጥም

ቤንዚን አንድ ወጥ ፈሳሽ አይደለም። ቀላልና ከባድ የሆኑ ብዙ ፈሳሾች የተደባለቁበት ነው። ቀላሎቹ ቶሎ ይተናሉ፤ ቀዝቃዛ ሞተር በመጀመሪያ ስበት እሳት እንዲይዝ የሚያደርጉትም እነርሱ ናቸው። ሰልባትዮው ሲከፈት የሚሸተን ሽታ የእነዚህ መሄድ ነው። እነርሱ ሲያልቁ የሚቀረው ከባዱ ክፍል ከአየር ጋር እየተዋሐደ ቀስ በቀስ ወደ ሙጫነት ይለወጣል። እጣን ከዛፉ ሲፈስ ለስላሳ ሆኖ፣ አየር ሲያገኘው እየደረቀ የሚጠጥረውን ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ በካርቡሬተሩ ውስጥም የሚሆነው ለዚህ የቀረበ ነገር ነው።

ሙጫው ጉዳት የሚያደርሰው በብዛቱ አይደለም። በካርቡሬተር ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍበት ዋናው ቀዳዳ ስፋቱ ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ነው፤ ሞተሩ ያለ ሥራ ሲዞር የሚመገብበት ደግሞ ከዚያም ይጠባል። ስለዚህ ከቅንድብ ፀጉር የማይወፍር ቅርፊት እንኳ መንገዱን ይዘጋዋል። በተጨማሪም በካርቡሬተሩ ቋት ውስጥ የሚቀረው ቤንዚን በጣም ጥቂት ስለሆነና ለአየር ክፍት ስለሆነ፣ በሰልባትዮው ውስጥ ካለው ቀድሞ ይበላሻል። በደንብ በተከደነ ጀሪካን ውስጥ፣ በጥላ ሥር የተቀመጠ ንጹሕ ቤንዚን ጥቂት ወራት ይቆያል። በካርቡሬተር ቋት ውስጥ ያለው ግን ከአንድ ወር በኋላ አያስተማምንም። የታወቁ የሞተር አምራቾች መመሪያዎችም ሞተሩ ከ30 ቀን በላይ የማይሠራ ከሆነ ቋቱ ይፍሰስ የሚሉት ለዚህ ነው።

ውኃም ሌላ ጠንቅ ነው። ግማሽ ብቻ ቤንዚን ባለበት የብረት ሰልባትዮ ውስጥ የቀረው ግማሽ አየር ነው። ቀን ሞቆ ሌሊት ሲቀዘቅዝ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት በብረቱ ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርዳል። ውኃ ከቤንዚን ይከብዳልና ወደ ግርጌው ይሰበሰባል፤ ብረቱን ያዝገዋል፤ ዝገቱም ወደ ፊልትሮው ይወርዳል። ቤንዚኑ ኤታኖል የተቀላቀለበት ከሆነ ነገሩ ይባባሳል፤ ኤታኖል እርጥበትን ይስባልና። በአገራችን ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚገኘው ኤታኖል ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ለሚሸጠው ቤንዚን 5 በመቶ፣ ከ2003 ዓ.ም. ደግሞ 10 በመቶ ይቀላቀልበት እንደነበረ ይታወሳል። በእጃችሁ ያለው ቤንዚን ኤታኖል እንዳለበት ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። በጠባብና ጥርት ባለ የመስታወት ጠርሙስ ጥቂት ውኃ ጨምሩና ከፍታውን ምልክት አድርጉበት፤ በላዩ ዐሥር እጥፍ ቤንዚን ጨምራችሁ፣ ክዳኑን ዘግታችሁ፣ ነቅንቁና ይርጋ። ከታች ያለው የውኃ ልክ ከምልክቱ በላይ ከፍ ካለ ኤታኖሉ ወደ ውኃው ወርዷል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ቤንዚን ለማስቀመጥ ጨርሶ አታስቡ።

በመንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ ስለሚሸጠው ቤንዚን የምንለው አጭር ነው፤ አትግዙት። ሕጉም አይፈቅድም፤ በፀሐይ የዋለ ስለሆነም ቀላሉ ክፍል ሄዷል፤ ላምባ የተቀላቀለበትም ይኖራል። አጠራጣሪ ሲሆን ሁለት ጠብታ በንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጉና ይድረቅ። ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ወረቀቱን እንደነበረ ይተወዋል፤ ላምባ ያለበት ግን የቅባት ክብ ትቶ ይሄዳል።

ለብልሽቱ ዋና ምክንያት የሆነውን የራሳችንን ልማድ ግን ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። ቤንዚን በሰልፍ የሚገኝ ነገር ሆኗል። በጀሪካን ለመቅዳትም ፈቃድ ይጠየቃል። ስለዚህ አንድ አጥቢያ በብዙ ደጅ ጥናት 20 ሊትር ሲያገኝ ጥቂቱን ለበዓሉ ተጠቅሞ የቀረውን «ለክፉ ቀን» ያስቀምጠዋል። አሳቡ የቆጣቢ ሰው አሳብ ነው፤ አንነቅፈውም። ነገር ግን ቤንዚን ስንዴ አይደለም። የተቀመጠው ቤንዚን ከስድስት ወር በኋላ ያው ቤንዚን አይሆንም፤ ሞተሩንም ይዞት ይሄዳል። እጥረቱ ማከማቸትን ወለደ፤ ማከማቸቱም ብልሽትን ወለደ።

ለዚህ የምንመክረው መፍትሔ ቤንዚንን በአደራ መስጠት ነው። በየአጥቢያው ባጃጅ ወይም ሞተር ብስክሌት የሚያሽከረክሩ ምእመናን አሉ። ከበዓሉ የተረፈውን 5 ወይም 10 ሊትር፣ ገና ትኩስ ሳለ፣ ለአንዱ በጽሑፍ ይሰጥ፤ እርሱም በሁለት ቀን ሠርቶበት ይጨርሰዋል። የሚቀጥለው በዓል ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ያንኑ ያህል አዲስ ቤንዚን ይመልሳል፤ የዋጋ ልዩነት ካለ ሰበካ ጉባኤው ያሟላል። ቤተ ክርስቲያኑ ቤንዚን አያከማችም፤ ቤንዚን ግን አያጣም። አቀባዩ ታማኝ ሆኖ በሰነድ የተያዘ ከሆነ ከመጋዘን የተሻለ መጋዘን ነው።

የወር በዓሉ ያስታውሰን

አሁን ወደ ዋናው ምክራችን እንግባ። የአምራቾቹ መመሪያ 30 ቀን ይላል። የእኛ ወር 30 ቀን ነው። እያንዳንዱ አጥቢያ ደግሞ በየወሩ የማይረሳው አንድ ቀን አለው። የሐረር ደብረ ገነት መባል ያለበትን ሁሉ ስም እዚህ መዘርዘር አያሻም፤ ራስ መኮንን በ1879 ዓ.ም. የሐረር ገዥ ከሆኑ በኋላ በጀጎል ውስጥ ለተሠራው ለመድኃኔዓለም በየወሩ 27 ቀን፣ እርሳቸው ለተቀበሩበት ለቅዱስ ሚካኤል 12 ቀን፣ የቁልቢው የቅዱስ ገብርኤል 19 ቀን ነው። ካህናቱ ይህን ቀን ሊረሱት አይችሉም። ታዲያ ጄኔሬተሩን ለማስነሣት ሌላ ቀጠሮ ለምን እንፈልጋለን? የወር በዓሉ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ፣ ሕዝቡ ትምህርት ሲሰማ፣ ድምፅ ማጉያው ለሃያ ደቂቃ በጄኔሬተሩ ይሥራ፤ መብራት ቢኖርም እንኳ።

አንዳንድ አጥቢያዎች በየወሩ ሞተሩን አስነሥተው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ያጠፉታል። ይህ ከምንም ይሻላል ብለን ለማለት እንኳ እንቸገራለን። ሞተሩ ሳይሞቅ ከጠፋ በውስጡ የተፈጠረው እርጥበት ከዘይቱ ጋር ይቀራል። ሃያ ደቂቃ፣ ያውም ጭነት ይዞ መሥራት አለበት። ጭነቱ ለኤሌክትሪኩ ክፍልም ይጠቅማል። ብዙ ወራት ሳይሠራ የቆየ ጄኔሬተር በውስጡ የሚቀረውን ጥቂት የማግኔት ኃይል ያጣና ሞተሩ በደንብ እየዞረ መብራት የማይሰጥበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ካርቡሬተር ማጠብ አይረዳም።

ሃያው ደቂቃ ሲሞላ ቁልፉን አጥፍቶ መሄድ አይደለም። በመጀመሪያ ድምፅ ማጉያውና መብራቱ ከጄኔሬተሩ ይነቀሉ። ከዚያ የቤንዚኑ መዝጊያ ይዘጋ፤ የሞተሩ ቁልፍ ግን እንደበራ ይቆይ። ሞተሩ በካርቡሬተሩ ቋት የቀረውን ቤንዚን እየጨረሰ ጥቂት ደቂቃ ይሠራና እየተንገዳገደ በራሱ ይጠፋል። ዕቃዎቹ አስቀድመው የሚነቀሉትም በዚህ መንገዳገድ ጊዜ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ከፍ ዝቅ ስለሚል ድምፅ ማጉያውን እንዳይጎዳው ነው። በመጨረሻ የሞተሩ ቁልፍ ይጠፋል። ይህች ትንሽ ልማድ፣ መዝጊያውን ዘግቶ ሞተሩን በራሱ እንዲጠፋ መተው፣ በዚህ ጽሑፍ ካለው ሁሉ ትበልጣለች። ሌላውን ሁሉ የምትረሱት ቢሆን እንኳ ይህችን አትርሱ። ጄኔሬተሩ በሸክም ወይም በባጃጅ ተጭኖ ከጀጎል መተላለፊያዎች ወደ በዓሉ ቦታ ሲጓዝም መዝጊያው መዘጋቱ ይረጋገጥ፤ አለዚያ ቤንዚኑ በመንገድ እየተናጠ ሞተሩን ያጥለቀልቀዋል።

ካርቡሬተሩ ቢደርቅም በሰልባትዮው ያለው ቤንዚን ማርጀቱ አይቀርም። ስለዚህ ከአንድ ሁለት ሊትር በላይ አይቆይበት፤ እርሱም በሦስት ወር አንድ ጊዜ ወጥቶ ለባለ አደራው ተሰጥቶ በአዲስ ይተካ። ይህ መጽሔት በሦስት ወር አንድ ጊዜ ይደርሳችኋልና በእጃችሁ በገባ ቁጥር ቤንዚኑን የመቀየሪያ ቀን ነው ብላችሁ ብትይዙት አንቀየምም።

ወደ ሣር ማጨጃውና ወደ ውኃ መሳቢያው ስንመጣ ምክራችን ይለያል። ለእነዚህ በየወሩ ማስነሣት አያዋጣም፤ የሚያስነሣው ሰውም አይገኝም። ጥቅምት ላይ ሣሩን አጭዶ የጨረሰ ማሽን እስከ በልግ ዝናብ፣ አንዳንዴም እስከ ክረምት ይቀመጣልና ጨርሶ ደርቆ ይቀመጥ። ሰልባትዮው ተገልብጦ ይራገፍ፤ ሞተሩ ተነሥቶ የቀረውን ጨርሶ ይጥፋ፤ ሲቀዘቅዝ ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችው የማፍሰሻ ብሎን ላላ ተደርጋ የመጨረሻዋ ጠብታ በዕቃ ትወሰድ። ቀጥሎ ካንዴላው ይፈታና በቀዳዳው አንድ የሻይ ማንኪያ የሚያህል ንጹሕ የሞተር ዘይት ይጨመር፤ ዘይቱ በሲሊንደሩ ግድግዳ እንዲዳረስ ገመዱ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀስ ተብሎ ይሳብ፤ ካንዴላውም ይመለስ። በመጨረሻ ገመዱ በዝግታ እየተሳበ ከበድ ያለበት ቦታ ላይ ይቁም። ያን ጊዜ ቫልቮቹ ተዘግተዋል፤ እርጥበትም በቀላሉ አይገባም።

በትከሻ የሚያዙት የሣር ማጨጃዎች ብዙዎቹ ባለ ሁለት ምት ሞተር ስለሆኑ ቤንዚናቸው ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ይሰጣቸዋል። ልኩን የሚወስነው ከማሽኑ ጋር የመጣው መመሪያ ነው። 50 ለ 1 የሚል ከሆነ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ 25 ለ 1 የሚል ከሆነ 40 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት ዘይት ነው። የተቀላቀለው ነዳጅ ካልተቀላቀለው ፈጥኖ ይበላሻልና ለዕለቱ የሚበቃው ብቻ ይቀላቀል። ቀሪውን ለባጃጅ መስጠት የሚቻለው ባጃጁ ባለ ሁለት ምት ከሆነ ነው፤ ባለ አራት ምት ከሆነ ካንዴላውን ያቆሽሽበታል።

ስለ ናፍጣ ጄኔሬተር ጥቂት ብቻ እንበል። የናፍጣ ሞተር ካርቡሬተር ስለሌለው ሙጫው ያን ያህል አያሰጋውም፤ ጠላቱ ውኃ ነው። በናፍጣና በውኃ መካከል ጥቃቅን ነፍሳት ይራቡና ጥቁር ልጋግ ሆነው ፊልትሮውን ይደፍናሉ። ስለዚህ ከቤንዚኑ በተቃራኒ የናፍጣ ሰልባትዮ ሞልቶ ይቀመጥ፤ ከፊልትሮው ሥር ያለው የውኃ ማፍሰሻም በየወሩ ይከፈት።

ነዳጁ የት ያድራል?

እስካሁን የተናገርነው ስለ ገንዘብና ስለ እንግልት ነው። የሚከተለው ግን ስለ ነፍስና ስለ ቅርስ ነው። በብዙ አጥቢያዎች ጄኔሬተሩ ከነቤንዚኑ የሚቀመጠው በዕቃ ቤት ነው፤ ቁልፍ ያለው ቤት እርሱ ብቻ ነውና። በዚያው ቤት አልባሳቱ፣ ጥላዎቹ፣ የብራና መጻሕፍቱ አሉ። ሌላው የሚመረጥ ቦታ ቤተልሔሙ ነው፤ በዚያ ደግሞ ለመገበሪያው እሳት ይነዳል።

ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚደርስ ብርድ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል። በሐረር አየር ውስጥ ስለዚህ ሁልጊዜ ዝግጁ ነው ማለት ነው። ትነቱ ከአየር ይከብዳል፤ ስለዚህ ወደ ላይ ወጥቶ አይበተንም፤ እንደ ውኃ ወለል ለወለል እየተሳበ በበር ሥር አልፎ እሳት ፍለጋ ይሄዳል። ከጽና የወደቀች አንዲት ፍም ወይም በሌላው ክፍል ያለች ጧፍ ትበቃዋለች። ጄኔሬተሩ ቀኑን ሙሉ ሠርቶ ገና ሳይቀዘቅዝ፣ መዝጊያው ሳይዘጋ ወደ ዕቃ ቤት ሲገባ የሚደርሰው አደጋ ከሁሉ የከፋ ነው።

በጀጎል ይህ ነገር የእኛ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በአሚር ኑር ዘመን በተሠራው ግንብ ውስጥ ያለው ከተማ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ቤቶቹ ግድግዳ የሚጋሩ፣ ጣሪያቸው በእንጨት የተረበረበ፣ መተላለፊያዎቹም እሳት አጥፊ መኪና የማይደፍራቸው ናቸው። ከአጥራችን የተነሣ እሳት በአጥራችን አይቆምም፤ በደስታና በሐዘን አብረውን የሚቆሙት ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ቤት ይደርሳል። ከግንቡ ውጭ ያሉ አጥቢያዎችም ቢሆኑ መንገዱ ይስፋላቸው እንጂ ብራናቸው ከእሳት የሚድን አይደለም።

ስለዚህ ለሞተሮቹና ለነዳጁ ከቤተ መቅደሱ፣ ከዕቃ ቤቱና ከቤተልሔሙ ርቃ የምትቆም አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ ቤት ትሠራ። ከላይም ከታችም መተንፈሻ ይኑራት፤ ዝናብና ፀሐይ አይግባባት፤ አሸዋ የሞላ ባልዲና የዱቄት እሳት ማጥፊያ በደጇ ይንጠልጠል፤ በቤንዚን እሳት ላይ ውኃ አይረጭምና። ወጪው ብዙ አይደለም፤ ከአንድ መስቀለኛ ጥላ የሚበልጥ አይመስለንም። ጄኔሬተሩ ሲሠራም በደጅ፣ ከመስኮትና ከበር ርቆ ይሥራ። ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ አለበት፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል።

አንድ ነገር በተለይ ለካህናት አባቶቻችን እናሳስባለን። ቤንዚን የሚቀዳበትና ጠበል የሚቀዳበት ጀሪካን በብዙ ቦታ አንድ ዓይነት ነው፤ ያው ቢጫ የዘይት ጀሪካን ነው። ምእመናን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያገኙትን ጀሪካን ጠበል ነው ብለው ያምናሉ፤ በእምነትም ይጠጡታል፤ ለሕፃናትም ያጠጣሉ። የነዳጁ ጀሪካን ቀይ ወይም ብረት ይሁን፤ «ቤንዚን» የሚል በትልቁ ይጻፍበት፤ የተገዛበት ቀንም ከሥሩ ይጻፍ። ለጠበልም ዳግመኛ አይዋል፤ የቱንም ያህል ቢታጠብ።

የተዘጋውን ሞተር ስለ መክፈት

ይህ ሁሉ ሳይደረግ ቀርቶ ሞተሩ አሁኑኑ እምቢ ብሏችሁ ከሆነ፣ ገመድ ከመጎተት በፊት የሰልባትዮውን ክዳን ክፈቱና አሽትቱ። ጤነኛ ቤንዚን ሽታው ሰላ ያለ፣ መልኩም የጠራ ነው። ያረጀው እንደ ቀለም መቀቢያ ይሸታል፤ መልኩም ወደ ቀጭን ሻይ ያደላል። እንዲህ ከሆነ አፍስሱት፤ አዲስ ቤንዚን በላዩ መጨመር በሽታውን ወደ ካርቡሬተሩ ማውረድ ነው። የፈሰሰውን ወደ ቦይ ወይም ወደ ጠበሉ ምንጭ አካባቢ አትድፉት፤ ጋራዦች ለዕቃ ማጠቢያ ይወስዱታል።

ቀጥሎ መዝጊያው ይዘጋና የካርቡሬተሩ ቋት ይፈታ፤ ከሥሩ ያለውን ብሎን ብዙውን ጊዜ ባለ 10 ቁጥር መፍቻ ይከፍተዋል። ቋቱ በሚወልቅበት ጊዜ ጋስኬቱ እንዳይቀደድ ጥንቃቄ ይደረግ። ውስጡ በንጹሕ ቤንዚን ይጠብ፤ ዋናው ቀዳዳ ወደ ብርሃን ተይዞ ይታይ፤ ብርሃን ካላሳየ ተዘግቷል። በመርፌ ወይም በብረት ሽቦ አይወጋ። ቀዳዳው በሚሊሜትር ክፍልፋይ የተለካ ነው፤ ቢሰፋ ሞተሩ ለዘለዓለም ጥቁር ጭስ እየተፋ ቤንዚን ይበላል። ከኤሌክትሪክ ገመድ የወጣች አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር ወይም የአየር ግፊት ይበቃዋል። ይህን ሁሉ በደጅ፣ ከእሳት ርቃችሁ አድርጉት።

ቀዳዳው ተከፍቶ፣ አዲስ ቤንዚን ተሞልቶ፣ ካንዴላው ተጠርጎ አሁንም ካልተነሣ ለመካኒክ ስጡት። ከተነሣ በኋላ ጭነት ሲያገኝ ቢደክም ግን ወዲያው ነዳጁን አትክሰሱ። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,880 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። አምራቾች በየ300 ሜትሩ ከፍታ የሞተሩ ኃይል 3.5 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ያስታውቃሉ፤ በሐረር ይህ ከአንድ አምስተኛ ይበልጣል። በሰሌዳው ላይ 2,500 ዋት የሚል ጄኔሬተር እዚህ 2,000 ዋት እንኳ ቢሰጥ ደኅና ነው። ካንዴላው በጥላሸት መጥቆሩም ከዚሁ ከአየሩ መሳሳት ሊመጣ ይችላል። ሲገዛ ይህ ታስቦ ከፍ ያለ መግዛት ነው፤ የተገዛው ግን በልኩ ይጫንበት።

የቀረው ደብተሩ ነው። በሞተሮቹ ቤት በር ላይ በገመድ የሚንጠለጠል ተራ የተማሪ ደብተር ይበቃል፤ ቀኑ፣ የሠራበት ደቂቃ፣ ቤንዚኑ የተገዛበት ቀን፣ ዘይቱ የተቀየረበት ቀን፣ ያስነሣው ሰው ስምና ፊርማ ይጻፍበታል። ዘይቱ በየ100 ሰዓት ሥራ ወይም በየስድስት ወሩ፣ ከሁለቱ ቀድሞ በደረሰው ይቀየራል፤ አዲስ ሞተር ከሆነ የመጀመሪያው ቅያሬ ከ20 ሰዓት በኋላ ነው። ኃላፊነቱ ለአንድ ሰው በቃለ ጉባኤ ይሰጥ፤ ምክትልም ይሰየምለት። ደብተሩን የደብሩ አስተዳዳሪ በየሦስት ወሩ አይተው ይፈርሙበት፤ የመጀመሪያው መስመርም በሚመጣው የወር በዓላችሁ ቀን ይጻፍ።